የአያትነት ደስታና የባልና ሚስት ድርሻ



አራርቆ ስለ መውለድ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የእናትን ጤንነት፣ የሕፃኑን ዕድገትና የቤቱን ወጪ ነው። ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ስሟ ሳይጠራ የምትታለፍ አንዲት ሰው በየቤታችን አለች፤ እርሷም የሕፃኑ አያት ናት። ሚስት በወለደች ጊዜ ገንፎውን የምታገነፋው፣ እናንተ ሥራ ስትውሉ ሕፃኑን የምትይዘው፣ ልጁ ገና በእግሩ ሳይሄድ «ለዚህ ልጅ ታናሽ የሚመጣለት መቼ ነው?» ብላ የምትጠይቀውም እርሷ ናት። በዚህ ዝግጅታችን የአያትነት የዕለት ተዕለት ደስታ ከምን እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚያሳጥረውና በዚህ ውስጥ የእናንተ የባልና ሚስት ድርሻ የቱ ላይ እንደሆነ እንመለከታለን።

ደስታው ከምን ይገኛል?

ለምሳሌ ያህል በሶማሌ ክልል፣ በፋፈን ዞን የምትገኘውን ቱሊ ጉሌድን እንውሰድ። በዚህ ወረዳ ሕዝቡ ማሽላና በቆሎ ያርሳል፤ ከብት፣ ፍየልና ግመልም ያረባል። ልጆች ሴት አያታቸውን «አዬዮ» ብለው ይጠራሉ። በጅጅጋ ከተማ ደግሞ ልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ በአንድ መንደር ውስጥ «አዬዮ» እና «እማማ» የሚሉ የልጆች ድምፆች ተቀላቅለው ይሰማሉ።

ሕፃን በተወለደ ጊዜ አዬዮ ቤቱን በኡንሲ ታጥናለች። ሕፃኑን በሞቀ ውኃ አጥባ በሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች፤ እጅና እግሩን ቀስ አድርጋ ታፍታታለች። በሰባተኛው ቀን ወንቀል ይታረዳል፣ ስም ይወጣል። አራሷ 40 ቀን ከቤት ሳትወጣ ከቆየች በኋላ አፈርተንበህ ሲደርስ ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል። ክርስቲያን ጎረቤቶቿም ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን ክርስትና የሚያስነሡ በመሆናቸው የቀን ቆጠራውን ነገር ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። በእነዚህ ቀናት አያት ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። ደስታዋን በእርጋታ የምታጣጥመው ከዚያ በኋላ፣ ቤቱ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ሲመለስ ነው።

ደስታውም ከትናንሽ ነገሮች የሚገኝ ነው። ሕፃኑ ድምፅዋን ለይቶ አንገቱን ወደ እርሷ ያዞራል። ዳዴ ሲል ቀድሞ የሚሄደው ወደ እርሷ ምንጣፍ ነው። እርሷ ስትሰግድ አጠገቧ ተደፍቶ ግንባሩን መሬት ያስነካል፤ ቀና ስትል መቁጠሪያዋን ነጥቆ ይሮጣል። ጧት ወተት የገባበት ሻይ ስትጠጣ የላሆህ ቁራጭ በሻይ ነክራ እንድታጎርሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ለመላላክ ይደርሳል፤ ጫማዋን ያቀብላል፣ መነጽሯን ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ራሱ የደበቀውን መነጽር ፈልጎ በማግኘቱ ምርቃት ይቀበላል።

ሲመሽ የተረት ሰዓት ይሆናል። በሶማሌኛ የጅብና የቀበሮ ተረት፣ ሰው በላዋ ባለ ረጅም ጆሮ የደግዴር ታሪክ፣ የንግሥት አራዌሎ ነገር አለ። በአማርኛ ቤት ደግሞ «ተረት ተረት» ሲባል ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። የሶማሌ ልጅ ከዚህ ሌላ የአባቶቹን ስም ከታች ወደ ላይ መቁጠር፣ ማለትም አብቲርሲውን፣ ከትልልቆች አፍ ይማራል። ልጁ አንድ ስም ሲዘል አያት ታርመዋለች። ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ቢኖርም ይህን ሊያስተምረው አይችልም። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በተራው እርሱ የመድኃኒቷን ካርቶን ያነብላታል፣ በስልኳ ላይ የመጣውን መልእክት ይነግራታል። ልጆቻቸው ጅዳ ወይም ሚኒያፖሊስ የሆኑባቸው አያቶችም የልጅ ልጃቸውን በስልክ መስታወት እያዩ ነው የሚስሙት፤ ይህም ከምንም ይሻላል ይላሉ።

እናት ልጇን ስትወድ ከፍርሃትና ከኃላፊነት ጋር ነው። መቅጣት አለባት፣ ምግቡ አለባት፣ የነገው ደብተር አለባት። አያት ይህን ሁሉ አልፋ የመጣች ስለሆነች የሚቀርላት ልጁን ማየት ብቻ ነው። «አያት ያሳደገው» የሚባለው ስድብም ከዚሁ የመጣ ይመስለናል። እኛ ግን ስድቡ የተጋነነ ነው እንላለን፤ አንድ ልጅ የሚቆጣውም የሚያባብለውም ሰው ቢኖረው ምን ክፋት አለው?

የአያት ጥቅም ከደስታም በላይ መሆኑን ያረጋገጡ ተመራማሪዎች አሉ። በአገራችን በአርሲ ኦሮሞ ገጠሮች ማሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ ነበር። በጥናቱ መሠረት አያት ያላቸው ሕፃናት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ነበር። የእናቲቱ እናት የምትረዳው በተለይ ከባድ የቤት ሥራን በማቃለል ነው፤ ልጅቷ እንድታርፍና ሕፃኑን እንድትይዝ ፋታ ትሰጣታለች። ይህን ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ጭንና አምስት ልጆች

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንዲት እናት በወለደች በ6 ወሯ ብታረግዝ ከአንዱ ልጅ እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ 15 ወር ነው። በዚህ ሁኔታ ብትቀጥል የመጀመሪያው ልጅ 5 ዓመት ሲሞላው አምስተኛው ይወለዳል። ሌላዋ እናት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቃ ብታረግዝ በመካከሉ 33 ወር ያህል ስለሚኖር በዚያው አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች ይኖሯታል።

በመጀመሪያው ቤት ያለችው አያት አንድ ጭንና አንድ ጀርባ ብቻ ነው ያላት። አንዱን አዝላ፣ ሌላውን ይዛ፣ ሦስተኛው እሳት እንዳይነካ እየጮኸች ትውላለች። ማታ ተረት ለመንገር ትንፋሽ አይኖራትም። የልጅ ልጆቿን የምትወድ መሆኗ አይጠረጠርም፤ ነገር ግን አንዱንም ለብቻው አላየችውም። በሁለተኛው ቤት ያለችው አያት አንደኛው ልጅ እየሮጠ መነጽር ሲያቀብላት ሁለተኛው ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

ከአያቲቱ ድካም ይልቅ የሚከፋ ነገርም አለ። ቶሎ ስትረግዝ እናት «ወተቴ ተበላሸ» ተብላ ገና የአንድ ዓመት ልጅ በድንገት ጡት ይጥላል። ይህ ልጅ ሌሊት የሚያለቅሰው ከማን ጎን ነው? ከአያቱ ጎን ነው። ብዙ አያቶች «ልጁ ከእኔ ጋር ነው የሚተኛው» ብለው በደስታ የሚናገሩት በእርግጥ ከጡት የተፈናቀለውን ልጅ ነው። ክዋሺዮርኮር የሚባለውን ልጆችን የሚያሳብጥና ፀጉራቸውን የሚያሳሳ የምግብ እጥረት በሽታ ሐኪሟ ሲሲሊ ዊሊያምስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጋና ስትሠራ ለሕክምናው ዓለም አሳወቀች። ስሙ የተወሰደው ከአገሩ ከጋ ቋንቋ ሲሆን ታናሽ ሲወለድበት ትልቁን ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የጋና እናቶች ሐኪሞች ሳይመጡ ምክንያቱን አውቀውት ነበር ማለት ነው። አያት የቱንም ያህል ብታቅፍ ጡት ልትሆን አትችልም።

(እርጉዝ እናት ብታጠባ ወተቱ መርዝ አይሆንም። ካረገዛችሁ በኋላ ያወቃችሁ ከሆነ ልጁን በድንገት ጡት አታስጥሉት፤ ወደ ጤና ባለሙያ ኑና ተነጋገሩ።)

የዓለም የጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ እስከ ሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። ቁርአንም ማጥባቱን ሙሉ ማድረግ ለሚፈልጉ ሁለት ሙሉ ዓመት ያስቀምጣል። ስለዚህ በቱሊ ጉሌድ ያለች አዬዮ «አራርቁ» ስትባል ከማታውቀው አገር የመጣ ነገር ሊመስላት አይገባም። በእርሷ ጊዜ እናቶች ረጅም ጊዜ ያጠቡ ነበር፤ ወንዶችም ከግመል ጋር ለወራት ርቀው ይከርሙ ስለነበር ልጆች ሳይታቀድ ይራራቁ ነበር። ዛሬ ከተማ ስትገቡ ባልየው ማታ ማታ ቤቱ ይገባል፣ ሕፃኑም ቶሎ ጡጦ ይለምዳል። የድሮው መራራቂያ ቀርቶ በቦታው ሌላ ነገር ካልተተካ ውጤቱ የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ 4.6፣ በአዲስ አበባ 1.8፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ 7.2 ነበር።

አያት ሳታውቀው የምታፈርሰው መከላከያ

ማጥባት ራሱ የወሊድ መከላከያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ማለት ነው፤ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ቀንና ሌሊት የእናት ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የእናቲቱም የወር አበባ ገና ካልተመለሰ። ሦስቱ ተሟልተው ከሆነ ከ100 እናቶች የሚያረግዙት ከ2 አይበልጡም። አንዱ ከጎደለ ግን መተማመኛ የለም።

እዚህ ላይ አያት ትመጣለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ «ጠምቶት ነው» ብላ የስኳር ውኃ በማንኪያ ታቀምሰዋለች። ሌላዋ ቅቤ ታልሰዋለች፣ ሌላዋ የግመል ወተት ትሰጠዋለች። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ በጠገበ መጠን ጡት መጥባቱን ይቀንሳል፤ ጡት ሲቀንስ እናት ሳታስበው ታረግዛለች፣ ሕፃኑም ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማፍሰስም እንዲሁ ጉዳት ነው፤ እንገር ለሕፃኑ ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያ ምግቡ ነው። እምብርቱ ላይም ጤና ባለሙያ ከሚሰጠው ቅባት በስተቀር መልመልም ሆነ ሌላ ነገር አይደረግ። ኡንሲው ግን ከሕፃኑ ራቅ ብሎ ይጢስ፤ የሰሊጥ ዘይቱ ማሸት በገር እጅ ከሆነ ደስታው ለሁለቱም ነው።

6 ወር ከሞላ ወይም ሦስቱ ነገሮች ካልተሟሉ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ለምታጠባ እናት የሚስማሙ ብዙ ናቸው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል፤ የመዳብ ሉፕ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌ ከወለዱ 6 ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ኪኒን ከፈለጋችሁ የምታጠቡ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለአጥቢ እናት የተለየ ኪኒን አለ። የትኛው ይስማማል የሚለውን ባለሙያው ከእናንተ ጋር ሆኖ ይወስናል።

ከአያት ጋር መነጋገር

ብዙ ባልና ሚስት ውሳኔያቸውን ከአያት ይሰውራሉ። ምክንያታቸው ይገባናል። ሆኖም የተደበቀ ነገር ሲገለጥ ጠብ ይሆናል፤ የሚወቀሰውም ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። በእኛ አስተያየት የባልን እናት ማነጋገር ያለበት ባል ነው። የሚስትን እናት ደግሞ ሚስት ታነጋግር። በሶማሌ ባህል አማች ሶዶሁን በጣም ስለሚያከብርና ስለሚርቅ እንዲህ ያለ ነገር ከእርሱ አፍ ቢወጣ ሁለቱም ያፍራሉ።

አነጋገሩም ከጥያቄ ቢጀምር ይሻላል። ወንድ ልጅ እናቱን «እማዬ፣ እኔን እስከ ስንት ዓመቴ ነው ያጠባሽኝ?» ብሎ ይጠይቃት። ብዙ እናቶች ይህን ሲጠየቁ ፊታቸው ይፈካል። «ሁለት ዓመት ሞልተህ፣ ፍየል እየጠበቅህም ትመጣና ትጠባ ነበር» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ «እንግዲያው ይህንንም ልጅ እንደዚያ እንድናጠባው እርጂን» ማለት ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብትልም አትከራከሯት። ስንት ወልዳ ስንቱ እንዳደገላት ግን በጭራሽ አትጠይቋት፤ ያ መልስ ሌሊት ብቻዋን የምታስበው ነገር ሊሆን ይችላል።

ቃሏ በቤት ውስጥ የሚከበር በመሆኑ አንድ ሌላ ጉዳይም በእርሷ እጅ ነው። በ2008ቱ ጥናት በሶማሌ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 99 በመቶ ያህሉ የተገረዙ ነበሩ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 65 በመቶ። ልጅቷን የሚያስገርዛት ማነው ቢባል ብዙ ጊዜ አያት ቅድሚያውን ትይዛለች፤ ክብሯን የምትጠብቅላት ይመስላታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ድርጊቱን ይከለክላል፤ መስፋት ያለበት ግርዛት ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከሕጉ ይልቅ ግን አያቲቱን የሚያሳምናት የራሷ ሰውነት ይመስለናል። የሠርጓን ሌሊትና የመጀመሪያ ወሊዷን የሚረሳ የለም። እናንተ ወላጆች አስቀድማችሁ «ይህች ልጅ አትነካም» ብላችሁ ከወሰናችሁና ከነገራችኋት ጎረቤትን የምትመልሰው እርሷ ትሆናለች።

ከቱሊ ጉሌድ ወደ ጅጅጋ ስታመጧት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ እናት ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ አላት፤ አባት 3 ቀን ብቻ ነው ያለው። 90 ቀን ሲያልቅ ሕፃኑ 3 ወር ሆኖታል፤ ማን ይይዘዋል? ብዙዎች ወደ ገጠር ስልክ ይደውላሉ። አያትም ቤቷን፣ ፍየሎቿንና የጎረቤት ወሬዋን ትታ ትመጣለች።

መምጣቷ ደስታዋ ነው። ይሁን እንጂ ጠይቃችሁ አምጧት፣ አታዝዟት። በአርሲው ጥናት እናት የተጠቀመችው አያት ከባዱን ሥራ ስላቃለለችላት እንደነበር አይተናል፤ ያ ጉልበት ግን ገደብ አለው። ሕፃኑንም፣ ልብሱንም፣ ምጣዱንም ለእርሷ ትታችሁ ከወጣችሁ የጠራችሁት አያት ሳይሆን ሠራተኛ ነው። ባል ማታ ገብቶ ልጁን ይቀበላት። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይኑራት፤ በዓል ሲሆን የመኪና ተሳፍራ አገሯ ትሂድ። የሚታለበውን የጡት ወተት በንጹሕ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡላት፤ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በጡጦ ፈንታ በትንሽ ኩባያ እንድታጠጣው አሳዩአት። የክትባት ካርዱንም ለእርሷ ስጧት። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወር ያለውን ቀጠሮ ከእናንተ ይልቅ እርሷ አትረሳውም።

አያቲቱ ራሷ ገና ወላጅ ብትሆንስ?

በ18 ዓመቷ የወለደች ሴት ልጇም በ18 ዓመቷ ብትወልድ በ36 ዓመቷ አያት ትሆናለች። እንዲህ ያሉ አያቶች በአካባቢያችን ብዙ ናቸው፤ የልጃቸውን አራስ እያረሱ ራሳቸው እርጉዝ የሚሆኑም አይጠፉም። አንዳንዶች ይህን እንደ በረከት ያዩታል፤ አንዳንዶች ደግሞ ከልጃቸው ጋር እኩል መውለድ ያሳፍራቸዋል፣ ወደ ክሊኒክ መጥቶ መጠየቁም ጭምር። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ብዙ ለወለደች ሴት፣ እርግዝናና ወሊድ የበለጠ አደጋ አለው። የደም ግፊት፣ የደም መፍሰስ ይበዛል።

የወር አበባ እየዘገየ መምጣቱ ማርገዝ ቀረ ማለት አይደለም። 12 ወር ሙሉ ካልታየ ብቻ ነው መከላከያ መተው የሚቻለው፤ በሆርሞን መከላከያ ላይ ያለች ሴት ደግሞ መቅረቱን በዚህ መለየት ስለማትችል ባለሙያ ታማክር። በዚህ ዕድሜ ኪኒን ከመጀመሯ በፊት የደም ግፊቷ መለካት አለበት። መውለድ አበቃሁ ለምትል ሴት ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ብዙ ጊዜ ይመቻል።

ስለዚህ ለቀጣዩ ቀጠሮ ስትመጡ ልጁን አዝላ አያቲቱም ትምጣ። እንደ ተረኛ ሌላ ካርድ ይወጣላታል፤ ግፊቷ ይለካል፤ የሚጠየቀውን ለብቻዋ ክፍል ውስጥ ትጠይቃለች። ልጁን እስክትወጣ አባቱ ይያዘው።